የሊያ ሞት፦ የአንድ የሚና ጨዋታ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

በምሠራው አነስተኛ የሚና ቪዲዮ ጌም (ተጫዋቹ አንድን ገጸ ባሕርይ ሆኖ በታሪኩ ውስጥ የሚጓዝበት የጨዋታ ዓይነት) ውስጥ ሊያ የምትባል ገጸ ባሕርይ አለች። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምራ ከተጫዋቹ ጋር ትጓዛለች፤ በሦስተኛው ምዕራፍ መዝጊያ ላይ ትሞታለች። ጨዋታው ገና ብዙ ሥራ ይቀረዋል፤ ይህ ማስታወሻ ግን የሚከታተለው የዚህን አንድ ሞት አሠራር ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የጨዋታው ቀሪ ግማሽ በሙሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው፤ በቸልታ ከተሠራም ተጫዋቹን መበደል ይሆናል።

በልቦለድ ውስጥ የሚሞት ሰው አንባቢው ያወቀውና የወደደው ሰው ነው። በሚና ጨዋታ ውስጥ የሚሞት ጓድ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ ተጫዋቹ ለብዙ ሰዓታት ያስታጠቀው፣ ደረጃውን ያሳደገለት፣ በክፉ ፍልሚያ የተደገፈበት ነው። ስለዚህ ሐዘኑ ሁለት ምንጭ አለው፤ አንደኛው ታሪኩ ሲሆን ሁለተኛው የእጅ ልማድ ነው። ብዙ ሠሪዎች ጉልበታቸውን ሁሉ በመጀመሪያው ላይ ያፈስሳሉ፤ ትዕይንቱን ያስውባሉ፣ ዝናብ ያዘንባሉ፣ ሙዚቃውን ያስለቅሳሉ። እኔ በዚህ ሥራ የምፈትነው ሐሳብ ሁለተኛው ምንጭ ይበልጥ ጥልቅ እንደሆነ፣ ሐዘኑም በአብዛኛው የሚሠራው ከሞቱ በኋላ ባሉት ሰዓታት፣ በፍልሚያው ሥርዓት ውስጥ እንደሆነ ነው።

ከቀደሙት ሥራዎች

ወደ ኮዱ ከመግባቴ በፊት በጓድ ሞት የሚታወቁ ጥቂት ጨዋታዎችን መልሼ ተጫወትኩ። ማስታወሻ የያዝኩት ታሪካቸው ምን እንደሚል ሳይሆን ሥርዓታቸው ሞቱን እንዴት እንደተሸከመው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ሴጋ ባወጣው ፋንታሲ ስታር 2 ውስጥ የወደቁ ጓዶችን በገንዘብ የሚያስነሣ የክሎን (የሰውነት ቅጂ) ቤተ ሙከራ አለ። ኔይ የተባለችው ጓድ ከሞተች በኋላ ግን ያ ቤተ ሙከራ ለእርሷ አይሠራም። ተጫዋቹ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሲጠቀምበት የኖረው አገልግሎት በድንገት እምቢ ይለዋል፤ ሞቱን ሞት ያደረገውም ይህ እምቢታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው ፋይናል ፋንታሲ 5 ውስጥ አረጋዊው ጋሉፍ የጤና ነጥቡ ዜሮ ከደረሰ በኋላም ቆሞ ይዋጋል። ፍልሚያው ሲያበቃ ጓዶቹ የፈውስ አስማቱንም የማስነሻ ዕቃውንም እየተቀባበሉ ይሞክሩበታል፤ አንዱም አይሠራም። በእነዚህ ጨዋታዎች ሁሉ ተጫዋቹ የሚያነሣውን «ታዲያ ማስነሻውን ለምን አንጠቀምም?» የሚለውን ጥያቄ ይህን ያህል በቀጥታ የመለሰ ሌላ ትዕይንት አላጋጠመኝም። ሆኖም ከዚያ በኋላ የጋሉፍ ችሎታ ወደ ልጅ ልጁ ወደ ክሪል ይተላለፋል፤ ተጫዋቹ በታሪኩ ቢያዝንም በእጁ የሚጎድልበት ነገር የለም። ትዕይንቱን እጅግ እወደዋለሁ፤ ጨዋታው ግን እጅን ቶሎ ያጽናናል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም በላይ የቆየሁበት እ.ኤ.አ. በ1997 ለፕሌይስቴሽን የወጣው ፋይናል ፋንታሲ 7 ነው። ጨዋታው በሦስት ሲዲዎች ተከፋፍሎ የወጣ ሲሆን ኤሪዝ የተባለችው ጓድ ሞት የሚመጣው በመጀመሪያው ሲዲ መዝጊያ ላይ ነው። ለጸሎት በተንበረከከችበት የጨዋታው ዋና ጠላት ሴፊሮዝ ከላይ ወርዶ በረጅም ሰይፉ ይወጋታል፤ ከፀጉሯ የወደቀችው ነጭ ማቴሪያ (በዚያ ጨዋታ አስማት የሚገኝባት ክብ ድንጋይ) እየነጠረች ወርዳ ውሃ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ትዕይንት ብዙ ተብሏል፤ እኔን የያዘኝ ወዲያው የሚከተለው ፍልሚያ ነው። ተጫዋቹ ትእዛዝ እየመረጠና አስማት እየወረወረ ሳለ የሚሰማው የተለመደው የፍልሚያ ሙዚቃ አይደለም፤ ኖቡዎ ኡኤማትሱ ለኤሪዝ የደረሰላት ዜማ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ተጫዋቹ ለማልቀስ ፋታ አያገኝም፤ እያዘነ መሥራት አለበት። በዚያ ላይ ብዙ ደክሞ የመጨረሻ ችሎታዋን ያስገኘላት ተጫዋች ያ ድካሙ ከእርሷ ጋር ይሄዳል፤ አስታጥቋት የነበረው ማቴሪያ ግን ወደ ቦርሳው ይመለስለታል። ሠሪዎቹ ንብረቱን መልሰው እርሷን ብቻ ወስደዋል። ይህን መርህ እንዳለ ተቀብዬዋለሁ።

ከለላ

የሊያ ችሎታ ዛሬ ተጽፎ አለቀ። ፍልሚያው በተራ የሚካሄድ ነው፤ በቡድኑ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ፈዋሹ ናሆም እና ጋሻ ያዥዋ ሊያ አሉ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የጤና ነጥቡ ከሩብ በታች ወርዶ ሳለ ጠላት ሲመታው፣ ሊያ ማንም ሳያዛት ከፊቱ ትቆማለች። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ የጠላት ምት ይጀምራል፣ ስክሪኑ ለ0.4 ሰከንድ ቀጥ ይላል፣ በጠጠር ላይ የሚሮጥ የሁለት እርምጃ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያም ጋሻው ላይ የሚያርፍ ምት።

ችሎታውን ተጫዋቹ የሚመርጠው ትእዛዝ ላደርገው አስቤ ነበር፤ ይሁን እንጂ በራሱ እንዲሠራ መረጥኩ። ተጫዋቹ የሚመርጠው ትእዛዝ መሣሪያ ይሆናል። ሳይጠየቅ የሚመጣ ርዳታ ግን ጠባይ ነው፤ ያቺ ሴት ማን እንደሆነች የሚናገረውም ከንግግሯ ሁሉ በላይ ይህ ነው። በንግግር ረገድማ ሆን ብዬ ቁጥብ አድርጌያታለሁ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዕቃዋ፣ ስለ ድካሟ ታወራለች እንጂ ስለ ሕልሟ ወይም ስለ ነገ ዕቅዷ አታወራም። «ይህ ጉዞ ሲያልቅ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል ገጸ ባሕርይ እንደሚሞት ተጫዋች ሁሉ ያውቃል።

የመጀመሪያው ሙከራ

ምዕራፍ አንድንና ሁለትን ለሙከራ ተጫዋቾች ሰጠሁ፤ ስለሚመጣው ሞት ምንም አልነገርኳቸውም። አጠገባቸው ተቀምጬ የተመለከትኩት ፊታቸውን ሳይሆን እጃቸውን ነው።

ጥንቃቄ የሚያበዛ አንድ ተጫዋች የጤና ነጥቡን ሁልጊዜ ሞልቶ ስለሚጓዝ ከለላውን ከሞላ ጎደል ሳያየው ሁለቱንም ምዕራፎች ጨረሰ። ስለ ሊያ ስጠይቀው «ያቺ ጋሻ የያዘችው?» አለኝ። ለእርሱ ሊያ ብትሞት የምትጎድለው ሥዕል ብቻ ናት። ሌላዋ ተጫዋች ደግሞ ደፋር ናት፤ ከለላው በተደጋጋሚ ስላዳናት መድኃኒት መግዛት አቁማ ገንዘቧን በሙሉ ሰይፍ ላይ አዋለችው። ድምፁን ሰምታ፣ ሊያ በስክሪኑ ላይ ገና ሳትታይ፣ ጣቷ ወደ ቀጣዩ ትእዛዝ ይሄድ ነበር። መተማመን ማለት በዓይን የሚታይ ነገር ከሆነ እኔ በዚያች ጣት ላይ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ የጠላቶቹን ቁጥሮች እንደገና አስተካከልኩ። ጥንቁቁም ደፋሩም ተጫዋች በየሁለት ወይም በየሦስት ፍልሚያው አንድ ጊዜ ከሩብ በታች እንዲወርድ፣ አልፎ አልፎ ብርቱ ምት የሚመታ ጠላት በየአካባቢው አስገባሁ። ይህ ሥራ አሰልቺና ረጅም ነበር፤ ፍቅር በሠንጠረዥ ይሠራል ቢባል ሰው ላያምን ይችላል፣ በሚና ጨዋታ ግን ተጫዋቹ የሚወደው የተደገፈበትን ነው፤ የሚደገፈውም ቁጥሩ ሲያስገድደው ነው።

ምርጫ ወይስ ዕጣ

ሊያ የግድ ትሙት ወይስ ተጫዋቹ ሊያድናት ይችል ዘንድ ዕድል ይሰጠው የሚለውን ጥያቄ ዛሬ ዘጋሁት። ከፊቴ የነበሩት መንገዶች በደንብ የተፈተኑ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1990 በተጀመረው የፋየር ኤምብለም ተከታታይ ውስጥ በፍልሚያ የወደቀ ተዋጊ አይመለስም፤ ብዙ ተጫዋቾችም ሰው በወደቀባቸው ቁጥር ምዕራፉን ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ክፍል የወደቁት በቀጣዩ ምዕራፍ የሚመለሱበትን ቀለል ያለ አጨዋወት በአማራጭ ጨመረ። የዚህ መንገድ ኃይል ሞቱ የተጫዋቹ የራሱ ታሪክ መሆኑ ነው። ድካሙ ደግሞ ማንም በማንኛውም ሰዓት ሊሞት ስለሚችል ጸሐፊው ስለ ሟቹ ብዙ ሊጽፍ አለመቻሉ ነው፤ የቀሩት ሰዎች ስሙን ሳያነሡ ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ማስ ኢፌክት ደግሞ ቫይርማየር በምትባለው ፕላኔት ላይ ተጫዋቹን ከሁለት ጓዶች፣ ከካይደንና ከአሽሊ፣ አንዱን ብቻ እንዲያድን ያስገድደዋል። ይህ ጥፋተኝነትን በሚገባ ይፈጥራል። ነገር ግን ተጫዋቹ በዚያች ቅጽበት «ለቀጣዩ ፍልሚያ ማን ይበልጥ ይጠቅመኛል?» ብሎ ሊያሰላ ይችላል፤ እኔ በሊያ ላይ ይህ ስሌት እንዲደረግ አልፈቅድም።

ስለዚህ ሞቱ ቋሚ ነው፤ ምርጫም የለበትም። ይህን ስወስን ግን ለተጫዋቹ አንድ ዕዳ ገባሁ። ማሸነፍ የማይቻል ፍልሚያ ውስጥ አስገብቼው፣ መድኃኒቱን ሁሉ አስጨርሼው፣ በመጨረሻ «ለማንኛውም ትሞት ነበር» ልለው አልችልም፤ ያ ክህደት ነው። ሞቱ ከፍልሚያ ውጪ ይሆናል፤ ተጫዋቹም አቅም አንሶኝ ነው ብሎ ራሱን እንዳይወቅስ ይደረጋል።

ስለ ማስነሻ ዕቃውም በዚሁ ጨረስኩ። በጨዋታዬ የጤና ነጥቡ ዜሮ የሆነ ሰው ራሱን ይስታል እንጂ አይሞትም፤ ናሆም የሚያስነሣበት ጠርሙስም ራሱን የሳተን የሚያነቃ ሽታ ነው። ይህን ሕግ ከመጀመሪያው ፍልሚያ ጀምሮ ተጫዋቹ እንዲያውቀው አድርጌያለሁ።

ድልድዩ

ትዕይንቱን ጻፍኩት፤ ከዚያም አሳጠርኩት። የመጀመሪያው ረቂቅ ረጅም የስንብት ንግግር ነበረው፤ አሁን አንድም የስንብት ቃል የለውም።

ቡድኑ ድልድይ እየተሻገረ ነው። ሊያ «የጋሻዬ ማሰሪያ ላልቷል፤ ማዶ ስንደርስ አጠብቀዋለሁ» ትላለች። ናሆም «አሁን ቁሚና አጥብቂው» ይላታል፤ እርሷም «ይመሻል፣ ሂዱ» ብላ ትመልስለታለች። ከዚያ ከወንዙ ማዶ ቀስት ይወረወራል። ስክሪኑ ለ0.4 ሰከንድ ቀጥ ይላል። በጠጠር ላይ የሚሮጠው የሁለት እርምጃ ድምፅ ይሰማል።

ይህን ካስገባሁ በኋላ ሥራው በሙሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ተጫዋቹ ያንን ማቆምና ያንን ድምፅ በብዙ ፍልሚያ ሰምቶታል፤ ሁልጊዜም ደኅንነት ማለት ነበር። አሁን ከፍልሚያ ውጪ፣ የጤና ነጥብ በማይታይበት ቦታ ሲሰማው ምን እንደሆነ ከማየቱ በፊት ጆሮው ያውቀዋል። ሊያ የምትሞተው ሁልጊዜ የምታደርገውን በማድረግ ነው፤ ለሞቷ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዕቃዎቿ ሁሉ ወደ ቦርሳው ይመለሳሉ። ጋሻዋ በዝርዝሩ ውስጥ እንደማንኛውም ጋሻ ይቀመጣል፤ ሊታጠቅም ሊሸጥም ይችላል። መግለጫው ላይ «ማሰሪያው የላላ» የሚል ብቻ ተጽፏል። ተጫዋቹ ሊሸጠው ቢፈልግ አልከለክለውም፤ ጨዋታው ምን ሊሰማው እንደሚገባ ለማዘዝ መብት የለውም።

ባዶው ማቆም

ከሞቱ በኋላ ያለው ሥራ ከትዕይንቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ የጠበቅኩትም ይህንኑ ነው።

በኮዱ ውስጥ የሚከልል ሰው መኖሩን የሚፈትሽ መስመር አለ። ሊያ ከቡድኑ ስትወጣ ይህን መስመር መሰረዝ ቀላል ነበር፤ እንዲቆይ አደረግኩት። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከሩብ በታች ወርዶ ሲመታ ስክሪኑ አሁንም ለ0.4 ሰከንድ ቀጥ ይላል። እርምጃ አይሰማም። ምቱ ያርፋል።

የቡድኑ አባላት በሚዘረዘሩበት ሜኑ ላይ ያለው ቦታዋም አይዘጋም፤ ስሟ ይጠፋል፣ የናሆም ሥዕል ግን ወደ ላይ አይሳብም። በካርታው ላይ ሦስቱም በተርታ ይሄዱ ስለነበር ናሆም ከፊቱ አንድ ሰው እንዳለ ያህል ርቀቱን ጠብቆ ይከተላል። የፍልሚያውን ሙዚቃ በተነጣጠሉ ድርቦች አስቀርጬው ነበር፤ ከድልድዩ በኋላ የዋሽንቱ ድርብ ይነሣል፣ የቀሩት መሣሪያዎች ለእርሱ ቦታ እንደተዉለት ይጫወታሉ። የኤሪዝ ዜማ ሟቿን በማሰማት ያደረገውን እኔ በማጉደል ለማድረግ ሞከርኩ።

ሁለተኛው ሙከራ

ድልድዩ ላይ ማንም አላለቀሰም። አንዱ «ወይኔ» አለና ቀጠለ፤ ሌላዋ ዝም አለች። ከድልድዩ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ብርቱ ፍልሚያ ግን ደፋሯ ተጫዋች ከሩብ በታች ወረደች፣ ስክሪኑ ቆመ፣ ጣቷ እንደ ልማዷ ወደ ቀጣዩ ትእዛዝ ሄደ፣ ምቱም አረፈ። መቆጣጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ረስቼው ነበር» አለች፤ ፊቷን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙራ ቆየች። ሐሳቤን የፈተነልኝ ይህ ቅጽበት ነው።

በዚህ ሙከራ ሁለት የማስተካከያ ጉዳዮች ተነሡ። አንደኛ፣ ባዶው ማቆም ለረጅም ጊዜ ሲደጋገም ሐዘንነቱ ይቀርና የጨዋታው ብልሽት ይመስላል፤ አንድ ተጫዋች በብልሽቶች ዝርዝር ላይ «ፍልሚያው ይንቀራፈፋል» ብሎ መዘገበው። ስለዚህ ማቆሙ በተከሰተ ቁጥር በ0.05 ሰከንድ እንዲያጥር አደረግኩ፤ ከስምንተኛው በኋላ ጨርሶ አይኖርም። ይህን ለማድረግ ልቤ አመንትቶ ነበር፤ ማሳጠሩ ሊያን ማስረሳት መስሎኝ ነበር። ቁጥሩ ሲያጥር ስመለከት ግን ትክክል ሆኖ ታየኝ። ተጫዋቹ ማቆሙ የቀረበትን ቀን አያውቀውም፤ እንዲያውቀው የሚያደርግ ምልክትም አላስቀምጥም።

ሁለተኛው ጉዳይ ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ መዝግቦ ተመልሶ የሚጀምርበት የማስቀመጫ ፋይል ነው። ጥንቁቁ ተጫዋች ከድልድዩ በኋላ ወደ ቀድሞ ፋይሉ ተመልሶ ሊያ ባለችበት ምዕራፍ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ሲዞር አየሁት። «ያቺ ጋሻ የያዘችው» ያላት እርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንደርቴል ተጫዋቹ ቶሪየል የተባለችውን ገጸ ባሕርይ ገድሎ፣ ፋይሉን መልሶ ቢያድናት እንኳ ያደረገውን እንደሚያውቅ ፍላዊ በተባለው ገጸ ባሕርይ አንደበት ይነግረዋል። ለዚያ ጨዋታ ይህ ተገቢ ነው፤ ተጫዋቹ ራሱ ገዳይ ነበርና። የእኔ ተጫዋች ግን ጥፋት የለበትም፤ የናፈቀውን ለማየት ስለተመለሰ ሊወቀስ አይገባም። የቀድሞ ፋይሎች ሁሉ ክፍት ሆነው ይቆያሉ፤ ጨዋታውም ስለ መመለሱ ምንም አይልም።

ከሙከራው በኋላ ከተነሡት ጭውውቶች አንዱን መመዝገብ እፈልጋለሁ። አንድ ተጫዋች ለሌለች ሰው ማዘኑ እንዳሳፈረው ነገረኝ። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል እ.ኤ.አ. በ1956 ተመልካች ከቴሌቪዥን ሰዎች ጋር የሚመሠርተውን የአንድ ወገን ቅርበት ሲያጠኑ ቅርበቱ ምላሽ የሌለው መሆኑን አጉልተዋል። በሚና ጨዋታ ውስጥ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ተጫዋቹ ያስታጥቃል፣ ገጸ ባሕርይዋም ትከልለዋለች። ሊያ የለችም፤ የተሰጠው እንክብካቤና የተገኘው እፎይታ ግን በእርግጥ ነበሩ። ላፈረው ተጫዋች የነገርኩትም ይህንን ነው።

ማሳሰቢያ

በቅርቡ ሰው የሞተባት አንዲት ወዳጄ ጨዋታውን ለመሞከር ጠየቀችኝ። ምን እንደሚገጥማት አስቀድሜ ነገርኳት፤ እርሷም ለአሁኑ መተው መረጠች። ከዚህ በኋላ በመክፈቻው ገጽ ላይ «ይህ ጨዋታ የቅርብ ሰው ሞትንና ሐዘንን ይዟል» የሚል አጭር ማሳሰቢያ አስገባሁ። ማን እንደሚሞት፣ መቼ እንደሚሞት አይናገርም። ማሳሰቢያው ድንገተኛነቱን ይቀንሳል የሚል አስተያየት መጥቶልኛል። ድንገተኛነቱ ትዕይንቱን ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ የዚህ ሥራ ክብደት ደግሞ ያለው ከትዕይንቱ በኋላ ስለሆነ የሚጎድልበት ነገር የለም።

አዲሱ ጓድ

የቀረው ትልቅ ጥያቄ በአራተኛው ምዕራፍ ቡድኑን የሚቀላቀለው ሰው ነው። ፍልሚያው ለሁለት ሰው ብቻ እየከበደ ስለሚሄድ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ በንድፉ ላይም ጋሻ ያዥ ነበር። ይህን ቀይሬዋለሁ። አዲሱ ጓድ ቀስተኛ ይሆናል፤ ከለላን በምንም ደረጃ ላይ አይማርም፤ ቡድኑን የሚቀላቀለውም ባዶው ማቆም በአብዛኛው ተጫዋች ዘንድ ካለቀ በኋላ እንዲሆን የምዕራፉን ፍልሚያዎች አብዝቻለሁ። በሜኑው ላይ የሊያን ቦታ አይይዝም፤ ከናሆም በታች አራተኛ መስመር ይከፈትለታል። ናሆም በካርታው ላይ የሚጠብቀው ርቀት ይቀጥል ወይስ በዚህ ጊዜ ይዘጋ የሚለውን ገና አልወሰንኩም፤ ሁለቱንም አማራጮች በሚቀጥለው የሙከራ ቅጂ ውስጥ አስገብቼ ለተለያዩ ተጫዋቾች እሰጣለሁ።